ፌክ አካውንት የጻፈብዎትን ፖስት ለፍርድ ቤት ማስረጃ አድርጎ መያዝ፦ ደረጃ በደረጃ

«አንድ ፌክ አካውንት ስሜን እያጠፋ ነው። ማን እንደሆነ አላውቅም። ስክሪንሾት አንስቻለሁ፤ ፍርድ ቤት ይቀበለኛል?» ይህን ጥያቄ በስልክም በአካልም ደጋግመው ያመጡልኛል። አንዳንዴ ጠያቂዋ ፎቶዋ ተለጥፎ የተዛተባት ልጅ ናት። አንዳንዴ «ሌባ ነው» ተብሎ ተጽፎበት ደንበኞቹ የሸሹት ነጋዴ ነው። አንዳንዴም በቴሌግራም «ብር ካልላክህ እንዲህ እናደርግሃለን» የተባለ የልጆች አባት ነው። ለሁሉም የምመልሰው አንድ ዓይነት ስለሆነ እዚህ በዝርዝር አስቀምጬዋለሁ።

አጭሩ መልስ፦ አዎ፣ ማስረጃ ይሆናል። ጸሐፊው ስሙን ስለደበቀ ብቻ ጽሑፉ ከማስረጃነት አይወጣም። ነገር ግን ችሎት ፊት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መረጋገጥ አለባቸው። አንደኛው፣ ጽሑፉ በዚያ ቀን በዚያ አካውንት ላይ በእርግጥ ተለጥፎ እንደነበረና ማንም እንዳልነካካው ነው። ሁለተኛው፣ ከአካውንቱ ጀርባ ያለው ሰው ማንነት ነው። የመጀመሪያው በእርስዎ እጅ ነው፤ ዛሬውኑ በስልክዎ ሊሠሩት ይችላሉ። ሁለተኛው የፖሊስ፣ የዐቃቤ ሕግና የፍርድ ቤት ሥራ ነው። አብዛኛው ጉዳይ ሲበላሽ ያየሁት ተበዳዩ የመጀመሪያውን ትቶ ሁለተኛውን ሲያሳድድ ነው። «ማን ነው?» እያለ አንድ ወር ሲጠይቅ ከርሞ ሲመለስ ፖስቱ የለም።

ከመጀመርዎ በፊት ማወቅ ያለብዎት ሕግ

በኢትዮጵያ ለዚህ ጉዳይ ዋናው ሕግ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ነው። አንቀጽ 13 በኮምፒዩተር ሥርዓት አማካይነት ሰውን ማስፈራራትን፣ እየደጋገሙ መልእክት በመላክ ማስጨነቅንና ስም ማጥፋትን ይመለከታል። አንቀጽ 33 ኤሌክትሮኒክ ማስረጃ ተቀባይነት እንዳለው ይናገራል። አንቀጽ 34 ደግሞ ማስረጃውን ያቀረበው ወገን እውነተኛነቱን የማስረዳት ግዴታ አለበት ይላል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ የተዘጋጁት ይህን የአንቀጽ 34 ግዴታ እንዲወጡ ነው።

ሦስት የጊዜ ገደቦችን ወረቀት ላይ ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉ።

3 ወር፦ እንደ ስም ማጥፋት ያሉ በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስሱ ወንጀሎች በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 213 መሠረት ይህ ገደብ አለባቸው። «አድራጊውን ገና አላወቅሁትም» ብለው አይዘናጉ፤ ፖስቱን ካዩበት ቀን ጀምረው ይቁጠሩ። ከዚያ በኋላ በሚነሳ ክርክር ማሸነፍዎ እርግጠኛ አይደለም።

1 ዓመት፦ የአገልግሎት ሰጪዎች የግንኙነት መረጃን ማለትም የትኛው መስመር መቼ ከየት ጋር እንደተገናኘ የሚያሳየውን መዝገብ በአዋጅ 958/2008 አንቀጽ 24 መሠረት ቢያንስ ለዚህን ያህል ጊዜ እንዲያቆዩ ይገደዳሉ። ከዓመት በኋላ ከአካውንቱ ጀርባ ያለውን ሰው የሚያሳየው መዝገብ ላይኖር ይችላል።

2 ዓመት፦ ወንጀሉን ትተው በፍትሐ ብሔር ካሳ የሚጠይቁ ከሆነ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ ይህን ያህል ይሰጥዎታል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ፖስቱን ያዩበት ስልክ። ጉዳዩ እስኪያልቅ አይሸጥም፣ አይቀየርም፣ ፎርማት አይደረግም።
- ቪዲዮ የሚቀርጽ ሁለተኛ ስልክ፤ የጎረቤትም ቢሆን ይሠራል።
- ላፕቶፕ ወይም ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር። የግድ አይደለም፣ ካለ ግን ሥራውን በጣም ያቀልለዋል።
- ሁለት አዲስ ፍላሽ፣ ስልክን ከኮምፒዩተር የሚያገናኝ ገመድ፣ አንድ ፖስታ።
- ገጹ የማይገነጠል ደብተርና እስክሪብቶ።
- አንድ የሚታመን ሰው። የሥጋ ዘመድ ባይሆን ይመረጣል፤ የተከሳሽ ጠበቃ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዝምድናውን ነው።

ደረጃ 1፦ እጅዎን ይሰብስቡ

አይመልሱ፣ አይሳደቡ፣ ብሎክ አያድርጉ፣ ሪፖርትም አያድርጉ። ለጊዜው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። «ማን እንደሆንክ ደርሼብሃለሁ» ብለው የጻፉለት ሰው በሁለት ደቂቃ ውስጥ ፖስቱን ያጠፋል፣ ስሙን ይቀይራል፣ አካውንቱን ይዘጋል። በቴሌግራም የግል መልእክት ከሆነማ ላኪው ከራሱም ከእርስዎም ስልክ ላይ ሊሰርዘው ይችላል። ብሎክ ሲያደርጉ ደግሞ ገጹን ተመልሰው ማየት ያቅትዎታል።

ሪፖርት ማድረግ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ተራው በኋላ ነው። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶች እንዲህ ያለ ይዘት ሲጠቆምላቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱ ይጠይቃል። ፖስቱ ሲነሳ እርስዎ እፎይ ቢሉም በእጅዎ ምንም ካልያዙ ማስረጃውም አብሮ ሄደ ማለት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የቤት አድራሻዎ ተለጥፎ ከሆነ ወይም «ዛሬ ማታ እንመጣለን» የሚል ዛቻ ካለ፣ ደረጃ 2ንና 3ን በአሥር ደቂቃ ጨርሰው በቀጥታ ወደ ፖሊስ ይሂዱ። ሌላው ይደርሳል። ሕይወት ይቀድማል።

ማስጠንቀቂያ፦ የተለጠፈው የሕፃን ልጅ እርቃን ምስል ከሆነ አያንሱት፣ አያስቀምጡት፣ ለማንም አይላኩት። መያዙና ማሰራጨቱ ራሱ ወንጀል ነው። ሊንኩንና ሰዓቱን በወረቀት ጽፈው ወዲያውኑ ለፖሊስ ያቅርቡ።

ደረጃ 2፦ ሊንኩን ይያዙ

ከስክሪንሾት በፊት ሊንክ። ብዙ ሰው ይህን ይዘልላል፤ እኔ ግን አንዱን ብቻ ያዙ ብባል ሊንኩን ነው የምመርጠው። የአካውንት ስምና ፎቶ በደቂቃ ይቀየራል፣ በአንድ ስም መቶ አካውንት ሊኖር ይችላል። ሊንኩ ግን የሚያመለክተው ያንኑ አንድ ፖስት ነው። መርማሪው ድርጅቱን መረጃ ሲጠይቅ «እንትና የሚባል አካውንት» ቢል መልስ አያገኝም። የሚሠራው በሊንክ ነው።

በፌስቡክ ከስሙ ሥር ያለውን ሰዓት ይጫኑት። ፖስቱ ለብቻው ይከፈታል፤ የዚያን ገጽ ሊንክ ኮፒ ያድርጉ። ኮመንትም የራሱ ሊንክ አለው፤ እዚያም ሰዓቱን ነው የሚጫኑት። በቴሌግራም ክፍት ቻናል ላይ መልእክቱን ተጭነው ሊንኩን ኮፒ ያድርጉ፤ መጨረሻው ላይ ያለው ቁጥር የመልእክቱ መለያ ነው። ዝግ ግሩፕ ከሆነ ሊንኩ ለአባላት ብቻ ስለሚከፈት የግሩፑን ስም፣ የአባላቱን ብዛትና እርስዎ አባል የሆኑበትን ሁኔታ አብረው ይጻፉ። በቲክቶክ ሼር የሚለውን ተጭነው ሊንኩን ይወስዳሉ።

የፖስቱን ብቻ ሳይሆን የአካውንቱንም ሊንክ ለየብቻ ይያዙ። ከዚያ ሁሉንም በአንድ ኢሜይል ለራስዎ ይላኩ። ኢሜይሉ የተላከበት ቀንና ሰዓት በሌላ ወገን ሰርቨር ላይ ስለሚመዘገብ «በዚህ ቀን ይዤዋለሁ» የሚለውን ቃልዎን ይደግፍልዎታል።

ደረጃ 3፦ ስክሪንሾት በቅደም ተከተል ያንሱ

አንድ ስክሪንሾት አይበቃም። በዚህ ቅደም ተከተል ያንሱ፦

ሀ. የአካውንቱ ዋና ገጽ፤ ስሙ፣ የመለያ ስሙ፣ ፎቶውና የተከታዮቹ ብዛት እንዲታይ። የተከታይ ብዛት ለወሬ አይደለም። በአዋጅ 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው አካውንት ሲሰራጭ ቅጣቱ ይከብዳል።

ለ. ፖስቱ ከላይ እስከ ታች፤ የአካውንቱ ስምና ቀኑ በአንድ ምስል ላይ እንዲገኙ። ጽሑፉ ረጅም ከሆነ እያንዳንዱ ምስል የቀዳሚውን የመጨረሻ ሁለት መስመር ይድገም። አለበለዚያ «መሃሉ ተቆርጧል» ይባላል።

ሐ. ኮመንቶቹ ተዘርግተው። የላይክና የሼር ብዛት ስንት ሰው ጋ እንደደረሰ ያሳያል፤ ኮመንት ውስጥ ደግሞ «ይሄ እኮ የእንትና ባል ነው» የሚል ሰው ከተገኘ አንባቢው እርስዎን መለየቱን ያስረዳል። ፖስቱ ሙሉ ስምዎን ካልጠራ ይህች ኮመንት ወርቅ ናት።

መ. ፖስቱ ከተለጠፈ በኋላ ተስተካክሎ ከሆነ የማስተካከያ ታሪኩ። ፌስቡክ ላይ ከፖስቱ ምናሌ ውስጥ ይገኛል፤ ቃሉን በኋላ ያለሰለሰ ሰው መጀመሪያ የጻፈውን ያሳያል።

አይከርክሙ፣ በቀይ አይክበቡ፣ ስም አይሸፍኑ። ማስመር ከፈለጉ በኋላ በቅጂው ላይ ያሰምሩ። በስልኩ አናት ላይ ያሉት ሰዓቱ፣ ባትሪውና የኔትወርክ ምልክቱ ሁሉ ይቆዩ።

ራሱን የሚያጠፋ መልእክት ወይም ስክሪንሾት ሲነሳ ለላኪው የሚያሳውቅ መተግበሪያ ከሆነ ስክሪንሾቱን ይተዉት። በሁለተኛው ስልክ ይቅረጹት።

ደረጃ 4፦ ያልተቋረጠ ቪዲዮ ይቅረጹ

ስክሪንሾት በአምስት ደቂቃ በፎቶ ማስተካከያ ሊሠራ እንደሚችል ዳኛውም የተከሳሽ ጠበቃም ያውቃሉ። «ራሷ የሠራችው ነው» የሚለው መከራከሪያ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሳይቋረጥ የተቀረጸ ቪዲዮ ግን እንዲህ በቀላሉ አይጣጣልም።

ሁለተኛውን ስልክ ይዘው የመጀመሪያውን ይቅረጹ። ከመነሻ ገጹ ይጀምሩ፤ ሰዓቱና ቀኑ ይታይ። ስምዎን፣ ያሉበትን ከተማና ቀኑን በድምፅ ይናገሩ። ሊንኩን ብራውዘር ላይ ሲያስገቡ ይታይ፤ ገጹ ሲከፈት፣ ወደታች ሲወርዱ፣ የአካውንቱን ስም ተጭነው ዋና ገጹን ሲከፍቱ፣ ተመልሰው ወደ ፖስቱ ሲመጡ ሁሉም በአንድ ቀረጻ ይሁን። አስተያየት አይስጡ፣ አይበሳጩ፣ ያሳዩ ብቻ። ከመጀመርዎ በፊት የመልእክት ማሳወቂያዎችን ያጥፉ፤ አለበለዚያ በግል የተላከልዎ ነገር በመሃል ብቅ ብሎ ለተከሳሹም ለችሎቱም ይታያል።

ደረጃ 5፦ ቀንና ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉ

ትንሽ ጉዳይ ይመስላል፤ የእኛ አገር ጉዳዮች ከሌላው አገር በተለየ የሚበላሹት ግን እዚህ ነው። ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ስልክዎ የሚያሳየው የፈረንጅ ሰዓትና ቀን ነው። እርስዎ ለፖሊስ ቃል የሚሰጡት በእኛ ነው። ምሳሌ እንውሰድ። ስልኩ «ጃንዋሪ 21 ቀን 2025፣ ከሌሊቱ 2፡14» ይላል። በእኛ ይህ ጥር 13 ቀን 2017፣ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ነው። ተበዳዩ ግን «ሰኞ ሌሊት በ8 ሰዓት» ብሎ ይናገራል፤ ስህተት አልተናገረም፣ በአነጋገራችን ሌሊቱ የሰኞ ነው። ቃሉን የሚቀበለው ፖሊስ ደግሞ «ጥር 12፣ 8፡00» ብሎ ይመዘግባል። አሁን ስልኩ ሌላ ቀን፣ ቃሉ ሌላ ቀን ይላሉ። 8፡00 ማለት የእኛ ሌሊት 8 ይሁን የፈረንጅ ጠዋት 8 ከወረቀቱ አይታወቅም።

ይህ ለምን ያስጨንቃል? መርማሪው የአካውንቱን የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥር ካገኘ በኋላ ቴሌኮሙን የሚጠይቀው «በዚህ ሰዓት በዚህ አድራሻ ማን ነበር?» ብሎ ነው። በሞባይል ኢንተርኔት አንዱን አድራሻ በአንድ ጊዜ ብዙ ደንበኞች ይጋሩታል፤ ከደቂቃዎች በኋላ ደግሞ ሌሎች ይይዙታል። የስድስት ሰዓት ስህተት ይቅርና የአንድ ሰዓት ስህተት ምንም ያላደረገን ሰው ደጅ ሊያንኳኳ ይችላል።

ስለዚህ፦ ሁልጊዜ ሁለቱንም ቀን፣ ሁለቱንም ሰዓት፣ «አጥቢያ» የሚለውንም ጨምረው ይጻፉ። «በአዲስ አበባ ሰዓት» ብለው ይግለጹ። ፖስቱን ዱባይ ያለች እህትዎ አይታ ስክሪንሾት ከላከችልዎ የእሷ ስልክ በአንድ ሰዓት ይቀድማል፤ ዋሽንግተን ያለ ወንድምዎ ከሆነ እንደ ወቅቱ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ወደኋላ ነው። ስልኩ የነበረበትን አገር ይጻፉ።

ፌስቡክ «ከ3 ሰዓት በፊት» ብሎ ብቻ ካሳየዎት በኮምፒዩተር ይክፈቱትና የማውሱን ቀስት ሰዓቱ ላይ ያሳርፉት፤ ሙሉው ቀንና ሰዓት ይወጣል። እሱንም ስክሪንሾት ያንሱ።

ደረጃ 6፦ በደብተር ይመዝግቡ

ለያዙት እያንዳንዱ ፋይል አንድ መስመር፦ ተራ ቁጥር፣ የፋይሉ ስም፣ ማን እንዳነሳው፣ በየትኛው ስልክ፣ መቼ፣ ሊንኩ፣ ምን እንደሚያሳይ። ከዚያ በኋላ ፋይሉ ለማን እንደተሰጠና መቼ እንደተሰጠ።

ጉዳዩ ችሎት የሚደርሰው ወራት አልፎ ነው። መስቀለኛ ጥያቄ ላይ «ይህን በየትኛው ስልክ ነው ያነሱት?» ሲባሉ «አላስታውስም» ማለት መልካም ማስረጃን ያሳንሳል። በዕለቱ የተጻፈ መዝገብ ግን ያስታውስዎታል። ስህተት ከጻፉ በአንድ መስመር ሰርዘው አጠገቡ ይጻፉ፤ ገጽ አይቅደዱ፣ በፍሉድ አያጥፉ።

ደረጃ 7፦ ዋናውን ፋይል ሳይነኩ ያስቀምጡ

ፎቶና ቪዲዮውን ከስልኩ ወደ ኮምፒዩተር በገመድ ይውሰዱ እንጂ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ አይላኩ። እነዚህ መተግበሪያዎች ምስሉን እንደ ፎቶ ሲልኩት ያሳንሱታል፣ በውስጡ ያለውን የቀንና የመሣሪያ መረጃም ያራግፉታል። የመጣልዎ ቅጂ እንጂ ዋናው አይደለም።

በሁለቱም ፍላሾች ላይ ይገልብጡ። አንዱን ፖስታ ውስጥ ከተው ያሽጉት፣ በመዝጊያው ላይ እርስዎና ምስክሩ ፈርሙ፣ ቀን ጻፉበት። ይህ አይከፈትም። ሌላው የሥራ ቅጂ ነው፤ ፕሪንት የሚደረገውም፣ የሚሰመርበትም፣ ለጠበቃ የሚሰጠውም እሱ ነው። ዋናው ደግሞ ስልኩ ላይ እንዳለ ይቆያል።

ኮምፒዩተር ካለዎት አንድ ተጨማሪ ነገር ያድርጉ። ሰቨን ዚፕ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ከጫኑ ፋይሉን በቀኝ ማውስ ተጭነው «ኤስ ኤች ኤ 256» የሚለውን ሲመርጡ 64 ፊደልና ቁጥር ያለው ረጅም መለያ ይሰጥዎታል። የፋይሉ የጣት አሻራ ይበሉት። ከፎቶው ላይ አንዲት ነጥብ ብትቀየር መለያው በሙሉ ይለወጣል። መለያውን ፕሪንት አድርገው ከታሸገው ፖስታ ጋር አስፈርመው ያስቀምጡ። ከዓመት በኋላ «ተነካክቷል» ከተባለ ባለሙያ መለያውን እንደገና አውጥቶ ያመሳክራል። አንድ ከሆነ ክርክሩ እዚያው ያልቃል።

ደረጃ 8፦ ሌላ ዓይን ያስገቡ

የሚታመነው ሰው ከራሱ ስልክ፣ ከራሱ አካውንት ሊንኩን ይክፈት፤ የራሱን ስክሪንሾት ያንሳ። የእርስዎን አይቀበል። ከዚያ በግማሽ ገጽ ያየውን ይጻፍ፦ መቼ፣ የት ሆኖ፣ በምን ስልክ፣ ምን እንዳነበበ፣ ስለ ማን እንደተጻፈ እንዴት እንደገባው። ይፈርም። በሁለት ሰዎች ስልክ ላይ በየራሳቸው የተገኘ አንድ ፖስት «አንዱ ፈጠረው» ለማለት ያስቸግራል።

የደረሰብዎትን ጉዳት የሚያሳይ ወረቀትም ከዚሁ ጋር ይሰብስቡ፦ የተሰረዘ ትዕዛዝ፣ ከአሠሪ የተጻፈ ደብዳቤ፣ የሕክምና ማስረጃ፣ ፖስቱን አይተው የደወሉ ሰዎች ዝርዝር። ካሳ ሲጠየቅ ፍርድ ቤቱ የሚመዝነው ይህን ነው።

ደረጃ 9፦ የጸሐፊውን ፍንጭ ይሰብስቡ፣ ግን በር አይስበሩ

ለሁሉም ክፍት የሆነውን ማየትና መመዝገብ ይችላሉ። የፌስቡክ ገጽ ከሆነ የገጹ ግልጽነት መረጃ ገጹ መቼ እንደተከፈተ፣ ቀድሞ ምን ይባል እንደነበርና አስተዳዳሪዎቹ በየትኛው አገር እንዳሉ ያሳያል። ኢንስታግራምም ስለ አካውንቱ ተመሳሳይ መረጃ አለው። ስሙን የቀየረ ሰው ብዙ ጊዜ በሊንኩ ውስጥ ያለውን የመለያ ስም መቀየር ይረሳል። የአካውንቱን የመጀመሪያ ፖስቶችና የመጀመሪያ ጓደኞች ይመልከቱ፤ ሰው ስሙን ለመደበቅ የሚጠነቀቀው ስድቡን ሲጀምር እንጂ አካውንቱን ሲከፍት ላይሆን ይችላል።

ገንዘብ የሚጠይቅ ከሆነ የሰጠው የቴሌብር ስልክ ወይም የባንክ ሂሳብ ቁጥር ከምንም በላይ ጠንካራ ፍንጭ ነው። ሂሳብ የሚከፈተው በመታወቂያ ነው። ቁጥሩን በትክክል ይጻፉ፤ ብር ልከው ከሆነ የማረጋገጫ መልእክቱን አያጥፉ።

የአጻጻፍ ልማድም ይረዳል። ሀ፣ ሐ እና ኀን እንዴት ይጠቀማል? አራት ነጥብ ያደርጋል ወይስ ሁለት ነጥብ? ሁልጊዜ የሚሳሳታት ቃል አለች? ከእርስዎና ከሦስት ሰዎች በቀር የማያውቀውን ነገር ጽፏል? እነዚህ ለብቻቸው ማንንም አያስፈርዱም። ከስልክ መዝገብና ከተያዘ መሣሪያ ጋር ሲደመሩ ግን ይከብዳሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ የይለፍ ቃል መገመት፣ «ሰባሪ» (ሃከር) መቅጠር፣ የውሸት ሊንክ ልኮ ስልኩን ለመክፈት መሞከር ፈጽሞ አይደረግም። ያለ ፈቃድ መግባት በአዋጅ 958/2008 ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ ከሳሽ ሆነው ሄደው ተከሳሽ ሆነው ይመለሳሉ። የቴሌኮም ሠራተኛ ዘመድ ይዞ «የዚህ ቁጥር ባለቤት ማነው» ማስባልም ያው ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የጠረጠሩትን ሰው ስም በራስዎ ገጽ አይለጥፉ። ሲም ካርዱ በአቶ እገሌ ስም መውጣቱ የጻፈው አቶ እገሌ ነው ማለት አይደለም፤ ልጁ፣ ሠራተኛው፣ ስልኩን የሰረቀው ሰው ሊሆን ይችላል። ተሳስተው ከሆነ ስም አጥፊው እርስዎ ሆኑ። ጥርጣሬዎን ለመርማሪው ብቻ፣ «ጥርጣሬዬ ነው፣ ምክንያቴም ይህ ነው» ብለው በጽሑፍ ይስጡ።

ደረጃ 10፦ ለፖሊስ ያመልክቱ

በአዋጁ የኮምፒዩተር ወንጀልን የመመርመር ሥልጣን የፖሊስና የዐቃቤ ሕግ በጋራ ነው። አቅራቢያዎ ካለው ጣቢያ መጀመር ይችላሉ። ማመልከቻው ከአንድ ገጽ አይብለጥ፦ ማን እንደሆኑ፣ ምን ተጻፈብዎት (ቃል በቃል፣ በትምህርተ ጥቅስ)፣ ሊንኮቹ፣ ቀንና ሰዓቱ በሁለቱም አቆጣጠር፣ ምስክሮች፣ የደረሰው ጉዳት፣ የተያያዙ ነገሮች ዝርዝር።

መጨረሻው ላይ ሁለት ጥያቄ በግልጽ ይጻፉ። አንደኛ፣ መረጃው እንዳይጠፋ የጥበቃ ትእዛዝ እንዲሰጥ፤ አዋጁ መርማሪው መረጃው በእጁ ያለ ሰው እስከ 3 ወር ጠብቆ እንዲያቆየው በጽሑፍ እንዲያዝ ይፈቅዳል። ሁለተኛ፣ የአካውንቱ ባለቤት መረጃ በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲጠየቅ። እነዚህን ያልጠየቀ አቤቱታ መዝገብ ውስጥ ተኝቶ ሳለ መረጃው የሚጠፋበት ቀን ይደርሳል።

ስልክዎን ለምርመራ ካስረከቡ የስልኩ ዓይነትና መለያ ቁጥር የተጻፈበት የርክክብ ወረቀት ይቀበሉ። የመዝገብ ቁጥሩን ይያዙ። የታሸገውን ፖስታ አይስጡ፤ ሥራ ቅጂውን ይስጡ፣ ፖስታው ሲጠየቅ ይቀርባል።

ይህ ሁሉ ሲያልቅ አሁን ፖስቱን ለድርጅቱ ሪፖርት ያድርጉና ያስነሱ። የሚመጣልዎን የማረጋገጫ መልእክትም ያስቀምጡ።

ጸሐፊው ወይም እርስዎ ውጭ አገር ከሆናችሁ

ፌስቡክና ኢንስታግራምን የያዘው ሜታ ያለው አሜሪካ ነው። ለግለሰብ የአካውንት ባለቤትን ማንነት አይነግርም። የሕግ አስከባሪ አካል በወንጀል ምርመራ ሲጠይቀው ግን መደበኛው ሰነድ እስኪደርስ መረጃውን ለ90 ቀን ያቆያል። ስለዚህ መርማሪዎን ይህን ጥያቄ ቶሎ እንዲልክ ይጠይቁት።

አሜሪካ የሚኖሩ ከሆነ በፍትሐ ብሔር ማንነቱ ያልታወቀን ሰው «ጆን ዶ» በሚል ስም ከስሶ፣ በፍርድ ቤት መጥሪያ የአካውንቱን የምዝገባ መረጃና የኢንተርኔት አድራሻ መጠየቅ የተለመደ መንገድ ነው። የግል መልእክቶችን ይዘት ግን በዚህ መንገድ ከድርጅቱ ማግኘት አይቻልም፤ ለዚህ ነው በራስዎ ስልክ ያለውን መያዝ ዋጋ ያለው። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች የማስረጃ ደንብ ቁጥር 901 የሚጠይቀው ነገሩ ያው የተባለው ነገር ለመሆኑ በቂ ድጋፍ እንዲቀርብ ነው፤ ከደረጃ 2 እስከ 8 የሠሩት እዚያም ያገለግላል።

የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ውስጥ ያላችሁ እህቶችና ወንድሞች በተለይ ተጠንቀቁ። የ2021 የሳይበር ወንጀል ሕጋቸው ስድብንም የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃድ መለጠፍንም ይቀጣል። የተሰደባችሁበትን ስክሪንሾት «እዩልኝ» ብላችሁ ግሩፕ ላይ አትልቀቁ። ይዛችሁ በቀጥታ ወደ ፖሊስ ሂዱ።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

- ከጓደኛ የተላከ ስክሪንሾት ብቻ ይዞ መምጣት። ያነሳው ሰው ራሱ ቀርቦ መመስከር አለበት፤ እርስዎ ያላዩትን ማስረዳት አይችሉም።
- ፕሪንት አድርጎ ፋይሉን ማጥፋት። ወረቀቱ ብቻውን ከየት እንደመጣ አይናገርም።
- የውይይቱን ግማሽ ብቻ ማቅረብ። እርስዎ የመለሱት ስድብ ካለ ሌላው ወገን ያመጣዋል፤ ቀድመው ሙሉውን ያቅርቡ።
- ሰዎች እንዲያዩልዎ ብሎ ፖስቱን መልሶ ሼር ማድረግ። ስርጭቱን ያሰፋሉ፣ «ጉዳቱን ያባባሰው ራሱ ነው» ለሚል ክርክርም በር ይከፍታሉ።
- ጸሐፊውን ለማጥመድ ሌላ ፌክ አካውንት መክፈት። ያገኙት ነገር እውነት ቢሆን እንኳ ያገኙበት መንገድ የእርስዎን ታማኝነት ይጎዳል።
- ስልክ ቀይሮ አሮጌውን ለታናሽ ወንድም መስጠት። ይህን ከሁሉም ይልቅ አዘውትሬ አያለሁ።

በችሎት ቀን ዋናውን ስልክ ባትሪውን ሞልተው፣ የመክፈቻ ቁጥሩን አስታውሰው፣ ገመዱን ጭምር ይዘው ይሂዱ። ደብተሩና የታሸገው ፖስታ በአንድ ቦርሳ ይሁኑ። ቀደም ባለው ምሽት ከደብተሩ ላይ እያንዳንዱን ፋይል እንዴት እንዳነሱት አንድ ጊዜ ያንብቡ። ዳኛው «ይህን እንዴት አገኙት?» ብለው ሲጠይቁ ከደረጃ 2 ጀምረው በተራ ይንገሯቸው። ስለ ጸሐፊው ማንነት ሲጠየቁ ያዩትንና የጠረጠሩትን ለይተው ይመልሱ።